ቄስ የሌለው ሃይማኖት በአደባባይ ምን ይሠራል?

ጥያቄው፦ «ስለ ኩዌከሮች ትንሽ አንብቤ ግራ ገባኝ። ቄስ የላቸውም፣ በቃል የሚደገም የእምነት መግለጫ የላቸውም፣ ተሰብስበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ ይባላል። ግን ስለ ባርነት ሲወራ ስማቸው አለ። ስለ እስር ቤት ሲወራ አለ። ስለ ጦርነት ሲወራም አለ። ለመሆኑ ይህ የተደራጀ ሃይማኖት ነው? ሃይማኖት በአገር ጉዳይ ጣልቃ አይግባ ለምንል ሰዎችስ የእነሱ ታሪክ ምን ይለናል?»

ምላሽ፦

ጠያቂዬ፣ ያቀረቡት ጥያቄ በውስጡ ሁለት ጥያቄ ይዟል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። አዎ፣ የተደራጀ ሃይማኖት ነው። እንዲያውም በጣም የተደራጀ ነው። ያልተደራጀ የሚመስለን ጳጳስና የሥልጣን ተዋረድ ስላጣንበት ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ስለ ሃይማኖትና አደባባይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን «ሃይማኖትህን ቤትህ አስቀምጥ» ይላል። ሌላው «አገሪቱ በእኔ ሃይማኖት ትመራ» ይላል። የኩዌከሮች ታሪክ ለሁለቱም አይመችም። እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ዘግተው አልተቀመጡም። በሌላ በኩል መንግሥት እምነታቸውን በሌላው ላይ እንዲጭንላቸውም አልጠየቁም። ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳጠና አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ቃላቸው በአገር ጉዳይ ላይ ክብደት ያገኘው መጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ሲያጸዱና ዋጋውን ራሳቸው ሲከፍሉ ነው። ይህን ያላደረጉበት ጊዜም አለ። ያንንም አልደብቅዎትም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1640ዎቹ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። በ1649 ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ አንገቱ ተቀላ። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የተቆላለፉበት ዘመን ነበር። ገበሬው በሰበካው ቄስ ቢያምንም ባያምንም አሥራት የመክፈል ግዴታ አለበት። ጆርጅ ፎክስ የተባለ የሸማኔ ልጅ በዚህ መካከል ከሰባኪ ወደ ሰባኪ እየዞረ መልስ አጣ። በመጨረሻ የደረሰበት እምነት ይህ ነው፦ ክርስቶስ ራሱ ሕዝቡን ያስተምራል። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ብርሃን አለ። ያን ብርሃን ለመስማት በመካከል የሚቆም ካህን አያስፈልግም። በ1652 በሰሜን እንግሊዝ ፈርባንክ ፌል በተባለ ኮረብታ ላይ ለብዙ ሕዝብ ሰበከ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የማኅበሩን ልደት ከዚያ ዓመት ይቆጥራሉ። ራሳቸውን «ወዳጆች» አሉ። ኩዌከር የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሚሰድቧቸው ሰዎች ናቸው።

ይህ ትምህርት ሲሰሙት የግል ጉዳይ ይመስላል። ብርሃን በውስጤ አለ የሚል ሰው ከመንግሥት ጋር ምን ያጣላዋል? ያጣላው ግን ወዲያው ነው። ብርሃኑ በሁሉም ውስጥ ካለ ጌታውም ሎሌውም እኩል ነው። ስለዚህ ለዳኛም ለመኳንንትም ባርኔጣ አናወልቅም አሉ። በዘመኑ ለትልቅ ሰው በአክብሮት መናገር ግዴታ ሆኖ ሳለ እነሱ ሁሉንም «አንተ» ማለት ጀመሩ። አሥራት አንከፍልም አሉ። ሴቶችም በጉባኤ ይናገሩ አሉ። አንድም ጦር ሳያነሡ የአገሩን ሥርዓት ነካኩት።

ከሁሉ የከበደው የመሐላ ጉዳይ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጥያቄዎ እምብርት እዚህ አለ። ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 «ከቶ አትማሉ» ይላል። ቃላችሁ አዎን ወይም አይደለም ይሁን ይላል። ኩዌከሮች ይህን እንደተጻፈ ተቀበሉት። ክርክራቸውም ግልጽ ነበር። ፍርድ ቤት ገብቼ ስምል ብቻ እውነት የምናገር ከሆነ፣ ሳልምል የተናገርኩት ምን ሊሆን ነው? እውነት አንድ ነው። ለፍርድ ቤት የሚሆን የተለየ እውነት የለም።

ያስከፈላቸው ዋጋ ግን ከባድ ነው። በዚያ ዘመን ያለ መሐላ መመስከር አይቻልም። ብዙ የሕግ ጉዳይ ያለ መሐላ አይከፈትም። ዳኛው በቀረበው ክስ ማስረጃ ካጣ ቀላል ዘዴ ነበረው። «ለንጉሡ ታማኝ ነኝ ብለህ ማል» ይለዋል። ተከሳሹ አልምልም ይላል። ወደ እስር ቤት ይወሰዳል። በ1662 ኩዌከሮችን በስማቸው የጠራ ሕግ ወጣ። መሐላ እንቢ ማለትና ከአራት በላይ ሆኖ ለአምልኮ መሰብሰብ ወንጀል ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ታሰሩ። በእስር ቤት ቆሻሻና በሽታ የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ።

እነሱ ግን አቤቱታ መጻፋቸውን አላቆሙም። በ1689 የመቻቻል ሕግ ወጣና በነፃነት ማምለክ ተፈቀደ። በ1696 ፓርላማው በመሐላ ፈንታ ቃላቸውን በማረጋገጫ እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። ቀስ በቀስ ይህ መብት ለሌሎችም ተዳረሰ። በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ይምላል ወይም ያረጋግጣል ይላል። ዛሬ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሃይማኖት የሌለው ሰው እንኳ ሳይምል መመስከር ይችላል። ሃይማኖት በአደባባይ አይታይ ለሚሉ ወገኖች ይህን ምሳሌ ሁልጊዜ አነሣለሁ። ሃይማኖት የሌለው ሰው ዛሬ የሚጠቀምበት መብት በሩ የተከፈተው በሃይማኖተኞች ግትርነት ነው።

በ1670 የሆነውም ከዚህ አይለይም። ወታደሮች በለንደን ግሬስቸርች መንገድ ያለውን የኩዌከሮች መሰብሰቢያ ዘጉት። ዊልያም ፔን የተባለ ወጣት እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ ሰበከ። ከዊልያም ሚድ ጋር ተከሰሰ። ፍርድ ቤት ሲገቡ ባርኔጣቸው ወልቆ ነበር። ዳኛው እንደገና እንዲያጠልቁላቸው አዘዘ። ከዚያ ባርኔጣ ለብሳችሁ ቆማችኋል ብሎ ቀጣቸው። 12ቱ የሕዝብ ዳኞች (ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ተራ ዜጎች) ግን በዋናው ክስ ጥፋተኛ ናቸው ለማለት እንቢ አሉ። ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃና ያለ እሳት ተቆልፎባቸው አደሩ። በሐሳባቸው ጸኑ። በመጨረሻ ጥፋተኛ አይደሉም አሉ። ዳኛውም እነሱኑ በገንዘብ ቀጥቶ አሰራቸው። ከመካከላቸው ኤድዋርድ ቡሼልና ጥቂት ጓደኞቹ ቅጣቱን አንከፍልም ብለው ስለ እስራቸው ወደ ሌላ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ዋና ዳኛ ጆን ቮን ደግሞ የሕዝብ ዳኛ በሰጠው ውሳኔ ሊቀጣ አይችልም ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕግ አንዱ ምሰሶ ነው። ቡሼል ኩዌከር አልነበረም። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የእምነት ሰዎች በጽናት ሲቆሙ አጠገባቸው የቆመው ሰው ድፍረት ያገኛል።

አሁን ወደ አደረጃጀታቸው ልግባ። ፎክስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ እንቅስቃሴ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ቡድኖች ተበትኖ ይቀር ነበር። ማርጋሬት ፌል የተባለች የዳኛ ሚስት ቤቷን ማዕከል አደረገችው። ሰባኪዎችን በደብዳቤ አገናኘች። ለታሰሩትና ለተጓዦች የሚሆን ገንዘብ እንዲሰበሰብ አደረገች። ባሏ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ በ1669፣ ፎክስን አገባች። ከዚያ ወርኃዊ፣ የሩብ ዓመትና ዓመታዊ ጉባኤዎች ተቋቋሙ። በ1670ዎቹ ደግሞ የመከራ ጉባኤ የሚባል ቋሚ አካል ተመሠረተ። ሥራው ማን የት ታሰረ፣ ምን ተወረሰበት እያለ መመዝገብ ነው። መዝገቡን ይዞ ወደ ንጉሡና ወደ ፓርላማ አባላት ይሄዳል። ዛሬ ሎቢ የምንለውን ባለሥልጣናትን የማግባባት ሥራ እነዚህ ሰዎች ያኔ በሥርዓት ይሠሩት ነበር።

ውሳኔ የሚወስኑበት መንገድም ለየት ያለ ነው። ድምፅ አይሰጡም። አንድ ሰው በጸሐፊነት ይሰየማል። ሰዎች በዝምታ መካከል እየተነሡ ይናገራሉ። ጸሐፊው ጉባኤው ወዴት እንደሚያዘነብል ያዳምጥና እዚያው ይጽፈዋል። ለጉባኤው ያነበዋል። ከተስማሙ ያልቃል። ካልተስማሙ ይቆያል። አንድ ወር ሊቆይ ይችላል፣ አሥር ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ይህ አሠራር ዘገምተኛ ነው፤ ሰውን ያሰለቻል። ነገር ግን 51 ከመቶው 49ኙን አሸንፎ የሚወጣበት አይደለም። ከተወሰነ በኋላ ማኅበሩ አብሮ ይቆማል። ለዚህ ነው ትንሽ ሆኖ ትልቅ ጉዳይ መሸከም የቻለው።

የዚህ አሠራር ጥንካሬም ድካምም አብሮ የሚታየው በባርነት ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ኩዌከሮች ከመጀመሪያው ባርነትን ይቃወሙ ነበር ብሎ ያስባል። እውነት አይደለም። በባርቤዶስና በአሜሪካ ብዙ ኩዌከሮች ባሪያ ይገዙ ነበር። ዊልያም ፔን ራሱ ባሪያ ነበረው። በ1688 ጀርመንታውን በምትባል የፔንሲልቬንያ መንደር አራት ሰዎች ተቃውሞ ጻፉ። ሰው ሊያደርግብህ የማትወደውን በሌላ ላይ አታድርግ የሚለውን ሕግ ጠቅሰው፣ ሰውን መግዛት ከዚህ ጋር እንዴት ይሄዳል ብለው ጠየቁ። ወርኃዊው ጉባኤ ጉዳዩ ከብዶናል ብሎ ወደ ላይ መራው። የሩብ ዓመቱም መራው። ዓመታዊው ጉባኤ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ተደረገ። ድርጅት ሕሊናን እንዴት አድርጎ በመዝገብ ቤት ሊቀብር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1738፣ ቤንጃሚን ሌይ የሚባል አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው ወደ ዓመታዊው ጉባኤ መጣ። በተቦረቦረ መጽሐፍ ውስጥ ቀይ የፍሬ ጭማቂ የሞላ ፊኛ ደብቆ ነበር። ባሪያ የሚገዛ ሰው የወንድሙን ደም ያፈስሳል ብሎ መጽሐፉን በሰይፍ ወጋው። ጭማቂው በአጠገቡ የተቀመጡትን ረጫቸው። ተሸክመው አስወጡት። ከማኅበሩም ተገለለ።

ጆን ውልማን ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። ወጣት ሳለ አሠሪው አንዲት ባሪያ የተሸጠችበትን ውል እንዲጽፍ አዘዘው። ጻፈው። ከዚያ በኋላ ሕሊናው ዕረፍት ነሳው። በቀሪ ዕድሜው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ባሪያ ካላቸው ኩዌከሮች ጋር በእርጋታ ተነጋገረ። ባሪያ በሚያገለግልበት ቤት ሲያድር ለአገልጋዩ ይከፍለው ነበር። በ1758 የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ የሚገዙና የሚሸጡ አባላት ከጉባኤው ሥራ እንዲገለሉ ወሰነ። ውልማንን ጨምሮ ጥቂት ሰዎችም ባሪያ ያላቸውን አባላት ቤት ለቤት እንዲያነጋግሩ ላከ። በ1776 ባሪያ ያለው ሰው አባል ሊሆን አይችልም ተባለ። ውልማን ያን ቀን አላየም። በ1772 እንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ላይ በፈንጣጣ ሞተ።

ዓመቶቹን ልብ ይበሉ። ከ1688 እስከ 1776 ድረስ 88 ዓመት ነው። የለንደን ኩዌከሮች የባሪያ ንግድ ይቅር ብለው ለፓርላማ አቤቱታ ያስገቡት በ1783 ነው፤ የራሳቸውን ቤት ካጸዱ በኋላ። በ1787 በለንደን የባሪያ ንግድን ለማስቆም 12 ሰዎች ኮሚቴ ሲያቋቁሙ 9ኙ ኩዌከሮች ነበሩ። ስለማይምሉ ፓርላማ ገብተው መቀመጥ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገን ከሆኑት ከቶማስ ክላርክሰንና ከዊልያም ዊልበርፎርስ ጋር ሠሩ። ስማቸው ከፊት ባይሆን ግድ አልነበራቸውም። የባሪያ ንግድ በ1807 በሕግ ተከለከለ። 88 ዓመት ረጅም ነው። በእነዚያ ዓመታት በባርነት የሞተው ሰው ይህን ትዕግሥት ቅዱስ አይለውም፣ ትክክልም ነው። ግን ፓርላማ ፊት ሲቀርቡ «እናንተስ?» የሚላቸው አልነበረም።

ጣጣው በዚያም አላለቀም። ባሪያ ነፃ ከወጣ በኋላ እንኳ በፊላደልፊያ መሰብሰቢያ ቤት ጥቁሮች ለብቻቸው በተለየ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሣራ ማፕስ ዳግላስ የተባለች ጥቁር መምህርት ይህን በምሬት ተናግራለች። ብርሃን በሁሉም ውስጥ አለ የሚል ማኅበር አንዲትን ሴት ነጥሎ ሲያስቀምጥ ማየት ያማል።

ወደ ሥልጣን ጥያቄ ልምጣ። አብዛኛው የእምነት ማኅበር ሲጨቆን ነፃነትን ይሰብካል። ፈተናው ሥልጣን ሲይዝ ነው። ኩዌከሮች ሥልጣን ይዘው ያውቃሉ። በ1681 ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ለዊልያም ፔን ፔንሲልቬንያን ሰጠው። ፔን የራሱን ሃይማኖት የአገሩ ሃይማኖት ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገም። የሌላ ቤተ ክርስቲያን አባላትም በነፃነት እንዲያመልኩ ደነገገ። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አልተቋቋመም፣ የግዳጅ አሥራት የለም፣ ጦር ሠራዊትም የለም። ልብ ይበሉ፣ ከዚያ 21 ዓመት ቀደም ብሎ ቦስተን ላይ ሜሪ ዳየር ኩዌከር በመሆኗ ተሰቅላለች። የሰቀሏት እነሱም በእንግሊዝ ተሰደው የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ።

በፔንሲልቬንያ ምክር ቤት ኩዌከሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ብዙኃኑን ወንበር ይዘው ቆዩ። በ1750ዎቹ ግን ጦርነት መጣ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በሰሜን አሜሪካ ተዋጉ። ዴላዌር የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች መሬታቸው በማጭበርበር ተወስዶባቸው ስለነበር በድንበር መንደሮች ላይ ጥቃት አደረሱ። ከማጭበርበሩ ዋናው በ1737 የፔን ልጆች የፈጸሙት ነው። ገዥው በ1756 በዴላዌሮች ላይ ጦርነት አወጀ፤ ለገደላቸውም ሽልማት አቀረበ። ጄምስ ፔምበርተንና ሌሎች ኩዌከሮች በዚያው ዓመት ከምክር ቤቱ በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሌሎች ወዳጆች ደግሞ ከዴላዌሮች ጋር ሰላም ለማውረድ በራሳቸው ገንዘብ ማኅበር አቋቋሙ።

ይህን መልቀቅ አንዳንዱ ሽሽት ይለዋል። በድንበር ላይ ልጁን የቀበረ ገበሬ «ማን ይጠብቀኝ ነበር?» ቢል ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። እኔ ግን ይህን ውሳኔ አከብረዋለሁ። ሁለት ሌሎች መንገዶች ነበሩ። አንዱ እምነታቸውን ሸጠው ወንበራቸውን መያዝ ነው። ሁለተኛው ወንበራቸውን ይዘው በሌላው ሕይወት እምነታቸውን ማስከበር ነው። ሁለቱንም ትተው ወንበሩን ሰጡ። በታሪክ ውስጥ ሥልጣን ከእምነታችን ጋር አልሄደም ብሎ ሥልጣኑን የተወ የሃይማኖት ቡድን ፈልጉ ብባል ብዙ አላገኝም።

ከዚያ በተቃራኒው የሄዱበትን ጊዜ ደግሞ እነሆ። በ1869 ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት የአሜሪካ ተወላጆችን ጉዳይ የሚያስተዳድሩ ቢሮዎችን ለሃይማኖት ድርጅቶች ማከፋፈል ጀመረ። ኩዌከሮች ሐቀኞች ናቸው ተብለው ከመጀመሪያዎቹ ተመረጡ። በቅን ልብ ገቡበት። ግን የመንግሥት እጅ ሆኑ። አዳሪ ትምህርት ቤቶች አስተዳደሩ። ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጠሉ። ልብሳቸው ተቀየረ፣ ፀጉራቸው ተቆረጠ፣ ቋንቋቸው ተነፈጋቸው። ከዚያ በፊትም በፊላደልፊያ በኩዌከሮች ግፊት እስረኛን ብቻውን በዝምታ ማቆየት ተጀመረ፤ በ1829 የተከፈተው ትልቁ ወህኒ ቤት በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። በራሳቸው ጉባኤ ውስጥ ሰላም የሰጣቸው ዝምታ በግድ ሲሆን የእስረኛውን አእምሮ አቃወሰ። ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለችው እንግሊዛዊት ኩዌከር ግን ከ1813 ጀምሮ ኒውጌት እስር ቤት ገብታ ሴት እስረኞችን ታያቸውና ታነጋግራቸው ነበር፤ ለብቻ መዝጋትንም ትቃወም ነበር። ሁለቱም ከአንድ እምነት ወጡ። ልዩነቱ ፍራይ እስረኞቹን ሰምታ ተናገረች፣ እነዚያ ግን ለእስረኛው የሚበጀውን እናውቃለን ብለው በመንግሥት ኃይል ጫኑበት። ስለ ተወላጆቹ ትምህርት ቤቶች አንዳንድ የአሜሪካ ጉባኤዎች በቅርብ ዓመታት ይቅርታ ጠይቀዋል።

በዕርዳታ ሥራ የተሻለ ስም አላቸው። በአየርላንድ ረሃብ ጊዜ ከ1846 ጀምሮ ሾርባ ሲያድሉ ማንንም ሃይማኖትህን ቀይር አላሉም። በ1849 ደግሞ ይህ በግል ምጽዋት የሚሸፈን አይደለም፣ መንግሥት ብቻ ነው የሚችለው ብለው በግልጽ ተናገሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ኩዌከሮች የትናንት ጠላት ለነበረችው ጀርመን ልጆች ምግብ አቀረቡ። ሥራው በተስፋፋበት ወቅት በቀን ወደ አንድ ሚሊዮን ሕፃናት ይመገቡ ነበር። በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ኩዌከሮች የዕርዳታ ድርጅቶች ተሰጠ።

አሁን አንድ ነገር ላርምልዎት። ቄስ የላቸውም ያሉት ለአንዳንዶቹ ብቻ ነው የሚሠራው። በዓለም ላይ ወደ 400,000 የሚጠጉ ኩዌከሮች አሉ። ከሁሉም አገር ብዙዎቹ የሚኖሩት በኬንያ ነው። በ1902 ሦስት አሜሪካውያን በምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ ላይ ሚስዮን ተከሉ። የዚያ ፍሬ የሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ፓስተር አላቸው፣ ይዘምራሉ፣ ስብከት ይሰማሉ። በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በቦሊቪያም እንደዚሁ ነው። ዝም ብሎ መቀመጡ በዋናነት የእንግሊዝና የከፊል አሜሪካ ልማድ ነው።

ስለዚህ «ኩዌከሮች እንዲህ ያምናሉ» ሲባል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2009 የብሪታንያ ኩዌከሮች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመፈጸም ሲወስኑ የአፍሪካ ወዳጆች በብርቱ ተቃወሙ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በኩዌከር ቤት አድጓል፤ ካምቦዲያን ያስደበደበውም እሱ ነው። በሌላ በኩል ከ1943 ጀምሮ ዋሽንግተን ላይ ቢሮ ከፍተው ጦርነትን የሚቃወሙ ኩዌከሮች አሉ። አንድ ሃይማኖት በአደባባይ በአንድ አፍ አይናገርም። የሚናገር ከመሰለ የአንዱ ድምፅ ተዘግቷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ ሃይማኖት ጣልቃ አይግባ ለምትሉት ወገኖች የምለው ይህ ነው። ስጋታችሁን እረዳለሁ። ሃይማኖት መንግሥትን ሲይዝ የሚሆነውን ሜሪ ዳየር አይታለች። ግን እምነት ያለውን ሰው ሕሊናህን በር ላይ አስቀምጠህ ግባ ማለት አይቻልም። ብትሉትም አይሰማችሁም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ማኅበር የሚጠይቀውን በራሱ ላይ አድርጎታል? የሚከፍለው ማን ነው? የሚፈልገው መብት ለሌላውም ይተርፋል ወይስ የእሱ ብቻ ነው? በ1916 እንግሊዝ የግዳጅ ውትድርና ስታውጅ ሕጉ በሕሊና ምክንያት አልዋጋም ለሚል ሰው መብት ሰጠ። ኩዌከር የፓርላማ አባላት ለዚህ ደክመዋል። መብቱ ግን ለኩዌከር ብቻ አልተጻፈም። ሃይማኖት የሌላቸው ሶሻሊስቶችም ተጠቀሙበት። ከወዳጆቹ አንዳንዱ በጦር ሜዳ አምቡላንስ ነዳ። ሌላው ይህንንም አልሠራም ብሎ ታሰረ።

ስለ ዛሬው ለማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ኬንያን ይመልከቱ። በ2007 መጨረሻ ከምርጫው በኋላ አገሪቱ በጎሳ ግጭት ስትታመስ የምዕራብ ኬንያ ወዳጆች በጥር 2008 ተሰብስበው የሰላም ቡድን አቋቋሙ። ለተፈናቀሉት ዕርዳታ አደረሱ። ከዚያ ተጎጂውንና ጎረቤቱን እየሰበሰቡ ማነጋገር ጀመሩ። ፓስተር አላቸው፣ ይዘምራሉ፣ በብዙ ነገር ከለንደኖቹ ይለያሉ። በዚህኛው ሥራ ግን ውልማን ቤት ለቤት ሲዞር ያደረገውን ነው ያደረጉት።